ገበያተኛው ሰላይ

የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ማይጨው ላይ የሚሆነውን አስቀድሞ ያወቀው ጆሮው ሬዲዮ ላይ ስለነበረ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከግንባር ወደ አዲስ አበባ የሚልኩትን መልእክት፣ ለእቴጌ መነን የተላከውን ጭምር፣ ጣሊያኖች እየጠለፉ ያነቡት ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ገና ጎሕ ሳይቀድ የኢትዮጵያ ጦር ማጥቃቱን ሲጀምር ምሽግ ውስጥ ያለው የጣሊያን ጦር ነቅቶ ጠበቀው። ከአገሩ ጦር ሁሉ በተሻለ የሠለጠነው የክብር ዘበኛ በመትረየስና በመድፍ ፊት ረገፈ። ከዚያ ወደ አሸንጌ ሐይቅ ያፈገፈገውን ሠራዊት አውሮፕላኖች በቦምብና በመርዝ ጋዝ አሳደዱት። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ ማርሴል ዡኖ በዚያ ሰሞን ኮረም ላይ በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎች ሜዳ ላይ ወድቀው «አቤት! አቤት!» ሲሉ መስማቱን ጽፎ አስቀርቷል።

ሚያዝያ 27 ቀን ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ወራሪው የሚጠልፈው ነገር አጣ። ቀጥሎ ለአምስት ዓመት የተካሄደው ተጋድሎ የራሱ ሬዲዮ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ስልክ የነበረው ጣሊያን ነው፤ የአርበኛው ሥራ ሽቦውን መቁረጥ ነበር። የአርበኛው መልእክት የሚሄደው በእግር ነበር፤ በሲራራ ነጋዴ፣ በቆሎ ተማሪ፣ በአዝማሪ፣ ለተዝካር ወንዝ ተሻግራ በምትሄድ ባልቴት። እነዚህ ሰዎች ድሮም ከአገር አገር ይዞሩ ስለነበር አዲስ ነገር መማር አላስፈለጋቸውም። ያን የለመዱትን መንገድ ለጦርነት ማዋል ብቻ ነበር የቀራቸው።

የስለላ ልብ ወለድ የሚወድ አንባቢ ይህን ዓይነቱን ታሪክ የሚያውቀው ከፓሪስ ወይም ከዋርሶ ነው። ሮዝ ቫላን የምትባል የሙዚየም ሠራተኛ ነበረች፤ ናዚዎች የዘረፉትን ሥዕል በሚያከማቹበት የፓሪሱ ዡ ደ ፖም ሙዚየም ትሠራ ነበር። ጀርመንኛ እንደምታውቅ ሳትናገር አራት ዓመት ሙሉ የትኛው ሥዕል ወዴት እንደተጫነ በምስጢር መዘገበች። ፓሪስ የወደቀችው ግን በ1932 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ከወደቀች አራት ዓመት አልፎ ነበር። ወራሪውን እያገለገሉ ወራሪውን መሰለል በፈረንሳይ ገና ሳይታሰብ እዚህ አገር ሰዎች ሞተውበታል።

ይህ ከሆነባቸው አገሮች አንዱ ዋግ ነው። ከኮረም በስተ ምዕራብ፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ገደላ ገደል ላይ የተንጠለጠለ አገር ነው። ጸላሪ ወንዝ ይሰነጥቀዋል፤ ቆላው ንዳድ፣ ደጋው ብርድ ነው። ጋዝጊብላ ከሰቆጣ በስተ ደቡብ ባለው ደጋ ላይ ተቀምጣ ወደ ላስታ ትመለከታለች፤ ዛሬ ማእከልዋ አስከተማ ናት። የዋግ ገዥ «ዋግሹም» ይባላል፤ ዘሩን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራል፤ ከዚሁ ቤት የወጣው ዋግሹም ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሦ ነበር። እንዲህ ያለ አገር ባዕድ ሹም ሲሾምበት ዝም ብሎ ያያል ብሎ የጠበቀ ካለ የዋግን ታሪክ አላነበበም።

የዋግ ልብ ግን ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ የሰቆጣ ገበያ ነበር። ሰቆጣ ለዘመናት የጨው ገበያ ናት። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል ይወጣል፤ ደጋው ጫፍ ላይ ወደ በቅሎና አህያ ይገለበጣል፤ ከሰቆጣ ደግሞ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም ወዲያ ይበተናል። አሞሌ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ ከጎኑ ትንሽ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ጨው ነጋዴ ቀስ ብሎ ይጓዛል፣ በየማደሪያው ጭነቱን ያወርዳል፣ ማታ ማታ ከባለ ቤቱ ጋር ይጫወታል። ትግራይን፣ አፋርን፣ ዋግንና ላስታን በአንድ ጉዞ የሚያይ ሰው በዚያ ዘመን ከእሱ ሌላ ብዙ አልነበረም። የትኛው መሸጋገሪያ ላይ ኬላ እንደቆመ፣ የትኛው ኮረብታ ላይ አዲስ ምሽግ እንደተሠራ ማንም ሳይልከው ያውቃል።

ከሲራራ ነጋዴውም የበለጠ የሚያውቁ ነበሩ፤ ለጦር ሰፈሩ ቀለብ የሚሸጡት። ጦር ሰፈር ይበላል፤ በቅሎውም ይበላል። ገብስና ድርቆሽ፣ ዶሮና እንቁላል፣ ማርና ቅቤ ከገበያ ይገዛል። እንበልና በየሳምንቱ ሦስት ቁና ገብስ ትሸጥ የነበረች ሴት አንድ ቀን አሥር ቁና ተጠየቀች። ሰፈሩ ውስጥ በቅሎ በዝቷል ማለት ነው። በቅሎ የሚበዛው ጦር ሊንቀሳቀስ ሲል ነው። ድንገት ገዥው ጠፍቶ ዶሮው ሳይሸጥ ከዋለ ደግሞ ግማሹ ወታደር ወጥቷል። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፣ ካርታም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ያለፈውን ሳምንት ማስታወስ ነው። የገበያ ሴት ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ዋጋ አትረሳም።

ገንዘቡም ራሱ ወሬ ነጋሪ ነበር። ጣሊያን የወረቀት ሊሬን በግድ ሊያስለምድ ቢሞክርም ገበሬው ማርትሬዛ ካልሆነ አልቀበልም አለ። ሮም ይህን አስቀድማ ገምታ ኖሮ ወረራው ሊጀመር ሲል የማርትሬዛን ማኅተም ከኦስትሪያ አግኝታ ብሩን ራሷ ማተም ጀምራ ነበር። በኋላ ግን ሊሬውን ማስገደድ ፈለገች። ገበያው እህሉን ደበቀ። ሰው ሊሬ ይቀበላል አይቀበልም የሚለው የወራሪውን ዕድሜ ስንት እንደገመተ የሚያሳይ ነበር፤ ጣሊያኖችም ይህን አልሳቱትም።

በዋግ ሌላም መሸሸጊያ ነበር። የሕዝቡ ቋንቋ ኽምጣና ነው። ጣሊያኖች ይዘዋቸው የመጡት አስተርጓሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ትግርኛና አማርኛ የሚያውቁ ነበሩ። አማርኛ የሚሰማ ሰው ሲቀርብ ወሬውን ወደ ኽምጣና ማዞር ለአገሬው ቀላል ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ግን ዋግን ብቻ አስመስሎ መጻፍ አይገባም። በአበሻ አገር መንግሥት ራሱ ሕዝቡን የሚያዳምጠው በዚሁ መንገድ ነበር። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የነገሥታት ወግ ነው፤ እረኛው በሜዳ የሚያዜመው ግጥም የአገሩን ልብ ይናገራል ተብሎ ይታመን ነበር። አዝማሪው በግብር አዳራሽ ጌታውን ሲያወድስ ሁለተኛውን ትርጉም ከሥሩ ይቀብራል። ደብተራው ቅኔ ዘርፎ ባለ ሥልጣን ይወጋል፤ የተወጋው ደግሞ ካልገባው ይሸልመዋል። ጣሊያን የገባው እንዲህ ዓይነት አገር ነው። ኢትዮጵያውያን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር መናገርን ከፋሺስት አልተማሩም።

ወራሪው ይህ የገባው በደም ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን እንደራሴ ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው፣ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል ቦምብ ተወረወረበት። ከወርዋሪዎቹ አንዱ አብርሃ ደቦጭ ነበር። አብርሃ ከኤርትራ የመጣ፣ ጣሊያንኛ አሳምሮ የሚናገር፣ በጣሊያኖቹ የፖለቲካ ቢሮ ተቀጥሮ የሚያገለግል ሰው ነበር፤ ወሬ እንዲያቀብል ደመወዝ የሚከፈለው ማለት ነው። ጓደኛው ሞገስ አስገዶምም ኤርትራዊ ነበር። የቢሮው ሥራ ወራሪውን የሚጎዳ ሰው ማደን ሲሆን ወራሪውን ሊገድል ያሰበው ሰው ግን እዚያው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እንደ ሮዝ ቫላን የቋንቋ ችሎታው መሣሪያው ነበር፤ እሷ ደበቀችው፣ እሱ ሸጠላቸው።

ሁለቱን ከከተማ ያስወጣቸው ስምዖን አደፍርስ የሚባል ባለ ታክሲ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች አብርሃንና ሞገስን ሲያውቁ ስምዖንን ብዙዎች አያውቁትም። ቦምብ አልወረወረም፣ ጦር አልመራም። መኪና ነበረችው፤ ነዳ። በኋላ ተይዞ ተሠቃይቶ ተገደለ። በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ መኪና የሚነዳ ሰው አለ፤ ያለ እሱ የቀረው ሁሉ አይሆንም ነበር፤ ፎቶግራፉ ግን ከጀግኖቹ ጎን አይሰቀልም።

ከቦምቡ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰው ደም ሌላ መጽሐፍ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሰው አለቀ ብሏል፤ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል 19,000 ያህል ብሎ ይገምታል። ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መጋቢት 10 ቀን ግራዚያኒ ቁስሉ ሳይሽር ወደ ሮም ቴሌግራም ላከ። የሕዝብን ጸጥታ ከሚያውኩት ዋነኞቹ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና አስማተኞች ናቸው አለ። የጣሊያን አገዛዝ በቅርቡ ያልቃል እያሉ ያስወራሉ፤ ስለዚህ እየታደኑ እንዲረሸኑ አዝዣለሁ፣ እስከ ዛሬ 70 ሰው ተይዞ ተወግዷል ሲል አስታወቀ።

ይህን ቴሌግራም ያነበቡ ብዙ ጸሐፊዎች የእብደት ምልክት ያደርጉታል። መሰንቆ የያዘ ሰው ማደን እብደት ይመስላል። እኔ ግን ከፋሺስቱ ሰነዶች ሁሉ በጣም ንቁ ሰው የጻፈው ይህ ይመስለኛል። ግራዚያኒ ጨካኝ ነበር፤ ግን ጠላቱ የሚነጋገርበትን መስመር በትክክል አግኝቶታል። ሬዲዮ ቢኖር ሬዲዮውን ይጠልፍ ነበር። ስለሌለ መስመሩን መቁረጥ ማለት መልእክቱን በአፉ የያዘውን ሰው መግደል ሆነ። ግንቦት 13 ቀን በደብረ ሊባኖስ የተፈጸመውም ከዚሁ ሐሳብ የተለየ አልነበረም። ገዳም ከአራቱ ማዕዘን ሰው የሚመጣበት፣ መነኩሴና ተማሪ ከአገር አገር የሚዘዋወርበት ቦታ ነው። አብርሃና ሞገስ እዚያ አርፈው ነበር ተብሎ ግራዚያኒ ጄኔራል ማሌቲን አዘዘ፤ መነኮሳቱ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ያስታወቀው 297 መነኮሳትና ተባባሪ የተባሉ 23 ሰዎች ብሎ ሲሆን፣ ቆይቶ 129 ዲያቆናትን ጨመረ። ካምቤል ደግሞ በቦታው ምስክሮችን ፈልጎ ቁጥሩን ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም እስከ 2,000 ያደርሰዋል።

አፍ መዝጋቱ ሠራ ወይ? ክረምቱ መልሱን ሰጠ።

በነሐሴ 1929 ዓ.ም. ዋግና ላስታ ተነሡ፤ ከዚያው ሰሞን በበጌምድርና በጎጃምም አመፁ ተያያዘ። በክረምት መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በክረምት የጣሊያን ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ደመና አውሮፕላኑን ያሳውረዋል፣ ጸላሪና ተከዜ ሞልተው ጦርን ከጦር ይለያሉ። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን ክረምትም መንገድ ነው፤ መሻገሪያውን ያውቃል፣ ወንዙ ጎድሎ እስኪያሳልፈው ያድራል። አራት አገር ስልክ ሳይኖረው በአንድ ክረምት መነሣቱ የሚያስገርም ነው። የጋራ አዛዥ አልነበረውም፤ የጋራ ወሬ ግን ነበረው።

የዋግን አመፅ የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ናቸው፤ የዋግሹም ከበደ ተፈሪ ልጅ። ለጣሊያኖች አዲስ ሰው አልነበሩም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የዋግን ጦር ይዘው ተምቤን ውስጥ ዓቢ ዓዲን ከብርቱ ውጊያ በኋላ ያስለቀቋቸው እሳቸው ነበሩ። አሁን ደግሞ በገዛ አገራቸው ተነሡ። በገዛ አገር መዋጋት ማለት እያንዳንዱ እረኛ ቃፊር ነው ማለት ነው። ኮረብታ ላይ የቆመ ልጅ ወዲያ ማዶ ላለው ይጣራል፣ ያኛው ለቀጣዩ፤ ጦሩ ሸለቆውን ሳይሻገር መምጣቱ ይታወቃል። ደጋውን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይህን የተራራ ጥሪ እየተገረሙ ጽፈውታል።

ግን ያ ሁሉ ጆሮ ለአንድ ወገን ብቻ አይሰማም። ጣሊያኖች ገንዘብ ነበራቸው፤ ሹመት ነበራቸው፤ የቆየ ቂም የት የት እንዳለ አጥንተዋል። ከማይጨው በፊት ጀምሮ በአካባቢው ያሉትን ጎረቤት ሕዝቦች ጠመንጃ እያደሉ እርስ በርስ ሲያዋጉ ነበር፤ በዋግም ላይ ያንኑ አደረጉ። ለአርበኛው የሚያወራው ገበያ ለባንዳውም ያወራል። የማን ጎጆ ማታ እንደሚጨስ፣ የማን ልጅ ከቤት እንደጠፋ፣ ማን ድንገት ጥይት እንደገዛ የሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ የድንበር ክርክር ይኖረዋል። በእንዲህ ዓይነት ጦርነት ውስጥ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ በሚያውቀው ሰው ጥቆማ ነው። ይህን ሳይናገሩ ስለ ሕዝባዊ ተጋድሎ መጻፍ ማስዋብ ነው።

በመስከረም 1930 ዓ.ም. አጋማሽ፣ መስቀል ሊደመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ደጃዝማች ኃይሉ ተገደሉ። ራሳቸው ተቆረጠ። ጣሊያኖችም የተቆረጠውን ራስ በኮረምና በሰቆጣ ገበያ ሕዝብ እንዲያየው አቆሙት።

ለምን ገበያ? ሮም ውስጥ እንዲህ ያለ ዜና በጋዜጣ ይወጣል፣ በሬዲዮ ይነገራል። ዋግ ውስጥ ግን አመነም አላመነም ሰው የሚያወራው ገበያ ላይ ያየውን ነው። «ደጃዝማች አልሞቱም፤ ተከዜን ተሻግረዋል» የሚል ወሬ እንዳይነሣ ማስረጃው ራሱ መታየት ነበረበት። ወራሪው በመጨረሻ የአገሩን የወሬ መስመር መጠቀም ጀመረ፤ ያንን ራስ የሚያይ ጨው ነጋዴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ላስታ ይደርሳል፣ በወር በጌምድር። የሚያደርሰው ዜና ግን ፍርሃትን ብቻ ሳይሆን ቁጣንም የያዘ ነው። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ይባስ ነደደ። ግራዚያኒም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ተሽሮ የኦስታው መስፍን ተተካ።

ከዋግ ስለ ወጡ ተራ መልእክተኞች የተጻፈ ነገር ጥቂት ነው፤ ለአዲስ አበባ ግን ስም አለን። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ባለ ርስት ነበሩ። ጦርነቱ ሲጀመር ሀብታቸውን ለቀይ መስቀል ሰጡ፤ ከተማዋ ስትያዝ ደግሞ ለአርበኞች ጥይት፣ መድኃኒት፣ ልብስና ወሬ ማቀበል ጀመሩ። ተይዘው ተሠቃዩ፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወዳለችው የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። በውጭ አገር የተማሩት፣ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር የነበሩት፣ ኋላም ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ስንዱ ገብሩ እዚያው ነበሩ። ሸዋረገድ ከእስር ሲመለሱ ይተዋሉ ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ አልተዉም። የአዲስ ዓለምን የጣሊያን ምሽግ ውስጡን አስጠንተው አርበኞች እንዲያጠቁት አስተባበሩ፣ በውጊያውም ተካፈሉ። አንዲት የከተማ እመቤት ወደ ጦር ሰፈር ብትቀርብ ማን ይጠረጥራታል? ጣሊያኖች ሴትን እንደ ወታደር አይቆጥሩም ነበርና ይህ ቸልታቸው ብዙ ነገር አስወጣባቸው።

እንዲህ ያሉት ሰዎች የውስጥ አርበኛ ተባሉ። ከወራሪው ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ሆነው ማታ ለአርበኛ የሚሠሩ ነበሩ። ከጫካው ወገንም ማታለል ሥራ ነበር። በ1932 ዓ.ም. በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ ልገባ ነው እያሉ ከጄኔራል ናሲ ጋር ድርድር አስረዘሙ፤ ሽማግሌ ሲመላለስ፣ ደብዳቤ ሲጻፍ ወራት አለፉ። ጣሊያኖች በመጨረሻ እጅ ሊሰጥ ነው ብለው ሲጠብቁ አርበኛው እያረፈ፣ እህል እየሰበሰበ ነበር።

ከውጭም መስመር ተዘረጋ። የሕግ ምሁሩ ሎሬንዞ ታእዛዝ ከሱዳን በስውር ጎጃም ገብቶ የአርበኞችን ኃይል አጥንቶ ተመለሰ። ሦስት የጣሊያን ኮሚኒስቶችም መጡ፤ ኢሊዮ ባሮንቲኒ፣ ዶሜኒኮ ሮላና አንቶን ኡክማር። ባሮንቲኒ ስፔን ውስጥ ፋሺስትን ተዋግቶ የመጣ ሰው ነበር። ጎጃም ውስጥ ጳውሎስ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ በሚል ስም ተጠሩ፤ አርበኞችን አሠለጠኑ፤ «የአበሾች ድምፅ» የሚል በአማርኛና በጣሊያንኛ የተጻፈ ወረቀት አሰራጩ። ጣሊያን የላከው ጦር ባለበት አገር ጣሊያናዊ ገብቶ ያንኑ ጦር መታገሉ ከማንኛውም የስለላ ፊልም ያልተናነሰ ነው፤ ገበሬው ግን ሦስቱን በሐዋርያት ስም መጥራቱ ያስገረመው አይመስልም። ለንደን ውስጥ ሲልቪያ ፓንክረስት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣዋን ታሳትም ነበር፤ በአማርኛ የታተመውም በስውር አገር ውስጥ ይገባ ነበር።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የኮሎኔል ሳንድፎርድ ተልእኮ 101 ድንበር ሲሻገር እንግሊዞች ያገኙት ባዶ አገር አልነበረም። የጣሊያን ምሽግ የት እንዳለ፣ የትኛው ሹም እንደሚከዳ፣ የትኛው ባላምባራስ ጥይት ብቻ እንደሚጠብቅ የሚያውቁ ሰዎች ቀድመው ነበሩ። ካርቱም ላይ ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ጀመር፤ በየመንደሩ አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ካለ ለሁሉም ይነበባል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ግንቦት 11 ቀን የኦስታው መስፍን ከዋግ ብዙም በማይርቀው አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ።

ከድሉ በኋላ የመጣው ክርክር ግን ስለ አርበኛው ስም ነበር። ጫካ የገባው በጠጉሩና በቁስሉ ይታወቃል። የውስጥ አርበኛነት ግን ምስክር ይፈልጋል፤ ትናንት በጣሊያን ቢሮ ይሠራ የነበረውን ሁሉ ሲነጋ «በስውር ለአገሬ እሠራ ነበር» ከማለት ምን ያግደዋል? ብዙዎች እውነት ነበራቸው፤ ብዙዎችም አልነበራቸውም። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት አለቃው የጻፈለት ደብዳቤ፣ የተቀበለው ማኅተም፣ ስሙን የሚያውቅ ባለ ሥልጣን ይጠየቅ ነበር። ከሰቆጣ ወደ ላስታ አሞሌ የጫነው ነጋዴ ግን ኬላ ላይ ቢፈተሽ ደብዳቤ እንዳይገኝበት ሲል መልእክቱን ሁሉ በአፉ ነበር የያዘው።